ሽማግሌ የገባበት ፎርም

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሰዓቱን ሳይቀር ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ነገር በዚህን ያህል ኃይል፣ በዚህ አቅጣጫ ቢወረወር የት ያርፋል የሚለውን የፊዚክስ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ እያሰላን ሳለ፣ ከክፍላችን ሠላሳ እርምጃ ርቀው በዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ የቆሙ ሦስት ሽማግሌዎች እኔ የት እንደማርፍ ያለ ምንም ስሌት ወሰኑ።

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወጣ ብሎ እስከ ቡይት ራስ ባለው አገራችን ሽማግሌ የማይገባበት ጉዳይ የለም። ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ይላካል። ድንበር ሲገፋ፣ በሬ ሲወጋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌ ያልተላከበት ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነው፤ ለእሱም እግዚኦታ አለለት። ይኸ በጎ ልማድ እንደሆነ አልክድም። ፍርድ ቤት ዓመት ሙሉ የሚያንከባልለውን ነገር ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለምሳ ሳይዘገይ ይጨርሰዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሰውን ድንበር የሚመልስ ሽማግሌ፣ የራሱን ድንበር ሲያልፍ ማን ይመልሰዋል?

ወደ ማክሰኞዬ ልመለስ። በእኛ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላው ከፈተናው በፊት፣ በወረቀት ፎርም ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልክ የምትፈልገውን ዩኒቨርሲቲና የትምህርት መስክ ትጽፋለህ፤ ፎርሙ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይከርምና ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እኔ የውሃ ምህንድስና ለመማር ፈልጌ፣ አንደኛ ምርጫዬ ላይ ከክልላችን ውጭ፣ በስተደቡብ፣ ሙዝ በየጓሮው በሚበቅልበት ቆላ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ጻፍኩ። ሙዝ ስለወደድኩ አይደለም። የሰፈራችን ምንጭ በየበጋው እየደረቀ እናቴ ውሃ ፍለጋ ገደል ስትወርድ እያየሁ ስላደግኩ፣ ውሃ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር ቤት ቢኖር ምድር ጫፍ ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ ብዬ ነው። ጎንደር ያለውን፣ በአውቶቡስ ከግማሽ ቀን በታች የሚደረስበትን፣ ሁለተኛ አደረግሁት። ጎንደርን ንቄም አይደለም። ግን ከእኛ ወገን ምህንድስና የፈለገ ሁሉ ጎንደርን ያስቀድማል፤ ወንበሩ ጥቂት፣ ተጋፊው ብዙ። የሩቁ ግን ሰፋ ያለ ነበር። ይህን ሁሉ አስልቼ፣ ቀለሙን አድርቄ፣ አስረከብኩ።

እንግዲህ በዚያ ረፋድ መሪጌታ ጥበቡ፣ ያኔ ገና ጎልማሳ የነበሩ የደብራችን መሪጌታ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ዳይሬክተሩ ዘንድ ገቡ። ነገሩን የነገረኝ፣ ፎርሙ አዲስ አበባ ከተላከ በኋላ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ዳይሬክተሩ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከግቢው ያነሣውን፣ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ አጎነበሰ። በእኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ የለመነን ሰው እንቢ ብሎ የመለሰ፣ እንኳን ዳይሬክተር ንጉሥም ቢሆን ስሙ በበጎ አይነሣም። ልመናው አንድ ነው፤ ልጁ ሩቅ አገር እንዳይሄድ ፎርሙ ይስተካከል። ወጣቱ ዳይሬክተር ድንጋዩን አየ፣ ሽበቱን አየ፣ ላብ አጠመቀው። ፎርሜ ወጣ። አንደኛ ምርጫዬ በነጭ ፍሉድ ተቀባ፣ እስኪደርቅ እፍ እፍ ተባለ፣ በላዩ ጎንደር ተጻፈ። ሽማግሌዎቹም መርቀው ሄዱ። እኔ በዚያች ሰዓት የተወረወረው አካል ያለምንም ጥርጥር በታሰበበት ቦታ እንደሚያርፍ በደብተሬ እያረጋገጥኩ ነበር።

ጎንደር ደረሰኝ። ምህንድስናው ግን ሞልቶ ነበርና ስታትስቲክስ አስገቡኝ። አስተማሪዎቼ ደጎች ነበሩ፤ ትምህርቱንም በደንብ ተማርኩት፤ በዚያ ቤት ላይ ቂም የለኝም። ዛሬ በወረዳችን የውሃ ሥራ ላይ ሪፖርት አጠናቃሪ ነኝ። መሐንዲሱ ምንጭ ያጎለብታል፤ እኔ ስንት ምንጭ እንደጎለበተ እጽፋለሁ። ሰው ሠርግ ሲበላ ደጅ ቆሞ ጫማ እንደ መቁጠር ነው።

ቂሜ የነበረው ከአባቴ ጋር ነው። ሽማግሌ ያለ ላኪ አይሄድም፤ ይኸን የማያውቅ ሕፃን የለም። የእኔን መቅረት ከአባቴ ሌላ ማን ይፈልጋል? ወሬውን የሰማሁ ዕለት ሮጬ ሄድኩ። ቀንበር ይጠርብ ነበር። "ለምን እንዲህ አደረግህብኝ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "የሆነው ሆኗል፣ ልጄ" አለ፤ ወደ ጥርቡም ተመለሰ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጥፋተኛ ሰው ሲናዘዝ ከዚህ የበለጠ አያወራም። ከዚያ ወዲያ "እንደምን አደርክ" ከማለት ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። በምረቃዬ ቀን በተነሣነው ፎቶ ላይ እኔና እሱ መካከል በሬ ያሳልፋል። ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ አልቅሻለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ ግን አልልም።

ይህን ሁሉ የምዘረግፍላችሁ ዘንድሮ ስለሆነው ነገር ልነግራችሁ ብዬ ነው። ልጄ ሰብለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን አለፈች። ያለፈችው ደግሞ ለመውደቅ ምንም ቦታ ሳትተው ነው። ምርጫው ዛሬ በወረቀት አይደለም፤ በስልክ፣ በኢንተርኔት ነው። ፍሉድ የማይዘው ነገር በመገኘቱ ይህን የፈጠሩትን ሁሉ በሌሉበት መርቄያለሁ። ሰብለም እንደ እኔው ምህንድስና ፈለገች። አንደኛ ምርጫዋ ከክልል ውጭ፣ ሩቅ፤ ሁለተኛው እዚሁ ቅርብ። እኔ አልመረጥኩላትም። እውነቱን ለመናገር ልመርጥላት አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘግቼዋለሁ። ልጄን ሩቅ የምልካት ለእሷ ብዬ ይሁን ለቂሜ ብዬ፣ እኔም ራሴን ሳልጠይቅ አላደርኩም።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብቅ አለ። ሰብለ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምርጫዋን እየሞላች ሳለ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ነጭ ጋቢ ቆሟል።

መሪጌታ ጥበቡ ከፊት ናቸው፤ ከያኔዎቹ ሦስት በሕይወት የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጎናቸው ጋሽ አየልኝ፣ በተራራው ፓርክ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ስካውት፣ የዋልያ ጠባቂ፣ ሆነው የኖሩ ጡረተኛ። ሦስተኛው ሽማግሌ በሄዱበት ሁሉ "እውነት ነው" የሚሉ ሰው ናቸው፤ ሽምግልና ያለ እንዲህ ያለ ሰው አይሟላም። ጉልበታቸውን ስሜ "አረፍ በሉ" አልኩ።

"መቀመጡስ ይደርሳል" አሉ መሪጌታ። "መጀመሪያ እሺ በለን።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"እሺ በለንና እንነግርሃለን።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

ዞር ብዬ ባለቤቴን አየኋት። ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። "አንቺ ነሽ የላክሻቸው?"

"እኔ ሽማግሌ ብልክ" አለች "ያንን የጀመርከውን አጥር ጨርስ ብዬ ነው የምልክብህ።"

"እኛን ማንም አልላከንም" አሉ መሪጌታ። "ልጅቷ ከክልል ልትወጣ ነው ሲሉ ሰማን፤ ሰምተን መጣን።" ይህችን ቃል ያኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አሳለፍኳት። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ ኔትወርኩ ከሁለት ዘንግ ወደ አንድ ወርዷል።

መሪጌታ ነገሩን ከላይ ከመጽሐፉ ጀምረው ወደ ታች አወረዱት። ዘመኑ ክፉ መሆኑን፣ መንገዱ ረጅም መሆኑን፣ ቆላ ወባ እንዳለበት፣ ሴት ልጅ መሆኗን፣ ጎንደር ብትሆን ግን ለጥምቀት እንደምትመጣ፣ በሶና ቆሎ በየወሩ እንደሚላክላት ተናገሩ። "ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ብለው ዘጉት። ተረቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን አገሬ ቀርቼም የተጫንኩትን አውቀዋለሁ።

ጋሽ አየልኝ ቀጠሉ። "ስንት ዘመን በዚያ ተራራ ጠበቅሁ። ዋልያ እንኳ አውሬ ሆኖ ገደሉን ለቅቆ አይሄድም።"

ሰብለ ከስልኩ ቀና አለች። "ጋሽ አየልኝ፣ ታዲያ ቁጥሩ እንዲህ ያነሰው ለዚህ አይደል እንዴ?"

ጋሽ አየልኝ ሊቆጡ አስበው ሳቅ አመለጣቸው። መሪጌታ በጎን አዩአቸውና በዱላቸው ወደ ውጭ ጠቆም አደረጉ። ጋሽ አየልኝ ወጡ። የት እንደሚሄዱ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ኋላ ግን ደሜ ፈላ። አጥሬ ሥር የተከመረ ድንጋይ አለ። ሊሸከሙ ነው። አንድ ጊዜ ማጅራታቸው ላይ ካረፈ እኔም እንደዚያ ወጣት ዳይሬክተር ነኝ፤ እንቢ ብል በዚህች ከተማ ለቅሶዬን የሚደርስ አይገኝም።

ሮጥኩ። አርባ ዓመት ያለፈው የመንግሥት ሠራተኛና ሰባ የተጠጋው ጡረተኛ ለድንጋይ ሲሽቀዳደሙ የጎረቤት ሰው አጥር ላይ ወጥቶ አይቷል፤ ይየው። ጋሽ አየልኝ ተራራ የለመደ እግር አላቸው፤ ቀድመውኝ ደርሰውም ነበር። ግን ልከኛ ድንጋይ መምረጥ ያዙ፤ እኔ ያገኘሁትን አነሣሁ። ከባድ ነበር። ማጅራቴ ላይ ጭኜ ገባሁና መሪጌታ ፊት አጎነበስኩ።

"ምን ልትሆን ነው?" አሉ መሪጌታ።

"ለማኝ ነኝ።"

"አውርደው እንጂ ልጄ፣ ደግ አይደለም።"

"እሺ ካላላችሁኝ አላወርድም።"

"ምኑን ነው እሺ የምንልህ?"

"እሺ በሉኝና እነግራችኋለሁ።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ከልማድ የተነሣ።

ጋሽ አየልኝ ባዶ እጃቸውን በሩ ደፍ ላይ ቆመዋል። ሽማግሌ ሲለምን እንጂ ሲለመን ኖሮ አያውቅምና ሦስቱም የሚገቡበት ጠፋቸው። ልማዱ የእነሱ ነው፤ ካፈረሱት ነገ በማን ደጅ ድንጋይ ይሸከማሉ? መሪጌታ ረጅም ተነፈሱና "እሺ" አሉ። አንገቴ ሊገነጠል ምን ቀረው።

"ልጅቷን ጠይቋት" አልኩ ሳላወርደው። "ያለችውን ተቀበሉ። ልመናዬ ይኸው ነው።"

መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሽማግሌ አንዲትን ልጅ ስለ ራሷ ጉዳይ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። "እሺ ሰብለ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"መሪጌታ" አለች፣ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፤ "ቅርቡን ጠልቼ አይደለም። ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። ግን እኔ የምፈልገው ትምህርት እሩቁ ቤት ጠንካራ ነው፤ እዚህ ደግሞ እሱን ለማግኘት የሚጋፋው ብዙ ነው። ባላገኘው የማልወደውን ተምሬ እመለሳለሁ። እናንተ የምትፈልጉት እንድመለስ ነው አይደል? ብመለስ አይቀር የምጠቅም ሆኜ ልመለስ። ለጥምቀት ባልመጣም እዚያም ታቦት ይወጣል። ወባውን አጎበር ገዝቼ እከላከላለሁ።"

"ማኅበሩስ? አብረሽ የምትጾሚ ሰው ይኖራል?"

"ይኖራል። ከደባርቅ ብቻ ሦስት ተማሪ እዚያው አለ፤ ጠይቄያለሁ።"

መሪጌታ ዱላቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ከዚያ "ሂጂ" አሉ። "ሂጂ እንግዲህ። አምላክ ይከተልሽ።" ድንጋዩን ጋሽ አየልኝ ከማጅራቴ አነሡልኝ። ሰብለ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነች። ኔትወርኩ አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበና "ተመዝግቧል" አለ። ጋሽ አየልኝ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ካላየሁ አላምንም አሉ፤ አይተው "አረንጓዴ ነው" ብለው ለሌሎቹ መሰከሩ።

እናንተ ሆዬ፣ ሃያ ዓመት ከነምናምኑ ስሸከመው የነበረው ነገር ነው ከማጅራቴ የወረደው። ቁጭ አሉ፤ ሽሮ በቅቤ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ሊያስቀሯት የመጡት ሽማግሌዎች የስንቋን ዝርዝር ያወጡላት ጀመር። እኔ ደስታዬ ከልኩ አለፈ። ያሸነፈ ሰው ዝም ማለት የሚችል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ፉከራ ባልተፈጠረ። ብርጭቆዬን ይዤ "አባቴ ይኸን አይቶ ቢሆን" አልኩ። "ያኔ ትምህርት ቤት ድረስ እናንተን የላከብኝ አባቴ፣ ዛሬ በልጅ ልጁ ተሸነፈ።"

መሪጌታ ጉርሻቸውን ወደ አፋቸው እንደያዙ ቀሩ። "አባትህ?" አሉ። "አባትህ መቼ ላከን?"

"ታዲያ ማን ላካችሁ?"

"ማን ይልከናል? ካንተ በፊት ሁለት ልጆች ሩቅ ሄደው ቀርተውብን ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍልን፣ ማመልከቻ የሚያነብልን ልጅ አንተ ብቻ ነበርክ። በገዛ እጃችን መከርን፣ በገዛ እግራችን ሄድን። አባትህማ መንገድ ላይ አግኝቶን 'ተዉት፣ ልጁ ይሂድ' ብሎ ለምኖን ነበር። አልሰማነውም።"

"ስጠይቀው ግን 'የሆነው ሆኗል' አለኝ እኮ።"

"ምን ይበልህ? ሽማግሌን ለልጁ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው። በሕይወታቸው በትክክለኛው ቦታ የተናገሩት ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ የመንደሩን ሁሉ ጥፋት ለአንድ ሰው አሸክሜ ኖሬያለሁ፣ ለዚያውም ከመሸከም ሌላ ምንም ላላጠፋው። አንድ ጥያቄ ግን ከጉሮሮዬ ወጣ። መሪጌታ ሰሙት። እጃቸውን ታጠቡ፣ መረቁ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ምደባው ወጥቷል። ሰብለ አንደኛ ምርጫዋን አገኘች። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስን ሳያልፍ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አንዱ ቻርጀር ረሳሁ ለማለት ነው። ዛሬ መሐንዲስ ለመሆን ደፋ ቀና እያለች ነው፤ ስለ ወባ እስካሁን የሰማሁት ክፉ ነገር የለም። ጋሽ አየልኝ ባገኙኝ ቁጥር "ያችን ልጅ እንዴት አደረጋችኋት?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ ራሳቸው የላኳት ይመስል ይኮራሉ። ይኩሩ፤ ይገባቸዋል።

መሪጌታን ግን ላገኛቸው አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ደጃቸው ስሄድ ቅዳሴ ናቸው ተባልኩ። አንድ ጊዜ ተዝካር ሄደዋል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ተኝተዋል ተባልኩ፣ ዱላቸው በሩ ላይ ተደግፎ፣ ድምፃቸው ከውስጥ እየተሰማ። ስለዚህ የለመድኩትን ላድርግ፤ በጽሑፍ ልጠይቅ። ዓይንዎ ደክሟል ይባላል፣ መሪጌታ፤ የልጅ ልጅዎ ያንብብልዎ። ፎርሜን ያስቀየሩበትን ምክንያት ነግረውኛል፤ ክፉ ምክንያት አልነበረም፤ እሱን ትቼዋለሁ። ነገር ግን በየበዓሉ ቤታችን ይመጡ ነበር። እኔና አባቴ በአንድ መደብ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነን ስንቀመጥ ያዩ ነበር። ፍታቱን የመሩትም እርስዎ ነዎት፤ በመቃብሩ አጠገብ ደርቄ ስቆም ፊቴን አይተውታል። እሱ ዝም ያለው የእናንተን ክብር ለመጠበቅ ነው። እርስዎ ዝም ያሉት የማንን ክብር ለመጠበቅ ነው? ይመልሱልኝ።